ሲሸጥ በግራም፣ ሲገዛ በታሪክ

ነገሩ የጀመረው በአንድ ሙዚየም ውስጥ በፈሰሰ እንባ ነው።

ጊዜው 2021 ነው (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የምታገኟቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። አሜሪካ ውስጥ የምታስተምር አንዲት ኔፓላዊት ምሁር ቺካጎ ወደሚገኘው ትልቁ የሥነ ጥበብ ሙዚየም፣ አርት ኢንስቲትዩት ኦፍ ቺካጎ ጎራ አለች። እንደ ማንኛውም ጎብኚ ዞር ዞር ስትል አንድ የአንገት ጌጥ ፊት ደረሰችና ቆመች። እንባዋ መጣ። እዚያው ቆማ ጸለየች። ከዚያ ያየችውን ትዊተር ላይ ፖስት አደረገች። ጥያቄዋ ቀላል ነበር፤ ይሄ እዚህ ምን ይሠራል?

ጌጡ በ17ኛው ክፍለ ዘመን የካትማንዱ ንጉሥ የነበረው ፕራታፕ ማላ፣ ታለጁ ለምትባለው የነገሥታቱ ሴት አምላክ በስጦታ ያቀረበው ነው። ይህን የሚለው የመንደር ወሬ አይደለም፤ ጌጡ ላይ የተቀረጸው ጽሑፍ ራሱ ነው። የታለጁ ቤተ መቅደስ ዛሬም ካትማንዱ መሃል አለ። ለሕዝብ የሚከፈተው ግን በዓመት አንድ ቀን፣ በዳሻይን በዓል ብቻ ነው። እንግዲህ አስቡት። አገሯ ላይ ሕዝቡ በዓመት አንዴ ተሰልፎ የሚሳለማት አምላክ ጌጧ ባሕር ማዶ ትኬት ለቆረጠ ሁሉ ይታይ ነበር።

አሁን አንድ ነገር ልንገራችሁ። ጌጡ ንጹህ ወርቅ አይደለም። በወርቅ የተለበጠ መዳብ ነው፤ ድንጋዮች ተሰክተውበታል። ወርቅ ቤት ይዛችሁት ብትሄዱና ሚዛን ላይ ቢወጣ ያን ያህል የሚያስደነግጥ ዋጋ አያወጣም። ታዲያ አንድ አገር ስለ እሱ ደብዳቤ የሚጽፈው፣ አንዲት ምሁር ፊቱ ቆማ የምታለቅሰው ለምንድን ነው?

ኢኮኖሚክስ የተማርኩ ሰው ነኝና ይህ ጥያቄ አላስተኛ አለኝ። ደግሞ የራሴ ምክንያትም አለኝ።

የእናቴ ሐብል

ዩኒቨርሲቲ ልገባ ስል ቤታችን ገንዘብ አልነበረም። እናቴ ከእናቷ የወረሰችው አንድ ሐብል ነበራት፤ መሃሉ ላይ ቀይ ድንጋይ ያለው። ፒያሳ ገና ሳይፈርስ፣ አብረን አንድ ወርቅ ቤት ገባን። ሰውየው ሐብሉን አገላብጦ አየው። ከዚያ ትንሽ ጉጠት አነሳና ድንጋዩን ፈልቅቆ አወጣው። «ድንጋይ አይመዘንም» አለ። ድንጋዩን በመዳፏ አስቀመጠላት፤ ወርቁን ሚዛን ላይ። የተሠራበት እጅ ሥራ፣ ያ ሁሉ ደቃቅ ጌጥ፣ አያቴ በሠርጓ ቀን ያጠለቀችው መሆኑ፣ አንዱም ሚዛኑ ላይ አልወጣም። ግራም ተባለ፣ በዕለቱ ዋጋ ተባዛ፣ አለቀ።

ሰውየው ሌባ አልነበረም። ገበያው እንደዚያ ነው። በችኮላ የሚሸጥ ሰው የሚሸጠው ብረት ነው። በዝግታ የሚገዛ ሰው ደግሞ የሚገዛው ታሪክ ነው። በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት የሚበላ ሰው አለ። የሂማላያ ጌጣጌጥን ታሪክ ሳነብ ደጋግሞ ፊቴ ላይ የመጣው ይሄው ነገር ነው።

ባሕር የሌለው አገር፣ የባሕር ጌጥ

መጀመሪያ ጌጡን እንወቀው። ሂማላያ ስንል ኔፓልን፣ ቲቤትን፣ ቡታንን፣ ሲኪምን፣ ላዳክን ሁሉ ማለታችን ነው። ከዓለም ከፍተኛው የተራራ ሰንሰለት። የቲቤት አምባ ብቻውን በአማካይ ከባሕር ወለል 4,500 ሜትር ገደማ ከፍ ይላል፤ ማለትም ከራስ ዳሽን ጫፍ ጋር የሚቀራረብ ከፍታ ላይ ሰው ቤት ሠርቶ ከብት ያረባል።

የዚህ አገር ሴት አንገት ላይ ሦስት ቀለም አይጠፋም። ሰማያዊ፣ ቀይ እና ቢጫ።

ሰማያዊው ቱርኩዊዝ ነው። ቲቤቶች «ዩ» ይሉታል። ከዚያው ከአካባቢው የሚወጣ አለ፤ ምርጡ ግን ከሩቅ፣ ከፋርሷ ኒሻፑር በነጋዴ ጀርባ ይመጣ ነበር። ቲቤቶች ድንጋዩ ሕይወት አለው ብለው ያምናሉ። ከሰው ጋር ይኖራል፣ ያረጃል፣ ቀለሙ ከተለወጠ የባለቤቱ ጤናም ተናግቷል ይባላል። ሳይንሱ ደግሞ ሌላ ታሪክ አለው። ቱርኩዊዝ መዳብና አሉሚኒየም ያለበት፣ ቀዳዳዎቹ ዓይን የማያያቸው ድንጋይ ነው፤ ላብና ቅባት ወደ ውስጡ ሲገባ ከሰማያዊ ወደ አረንጓዴ ይሄዳል። ስለዚህ ድንጋዩ በእርግጥም የለበሰውን ሰው ገላ ይመዘግባል። ሁለቱም ወገኖች የተመለከቱት አንድ ነገር ነው።

ቀዩ ኮራል ነው፣ አረቦች መርጃን የሚሉት። ኮራል ድንጋይ አይደለም፤ ባሕር ውስጥ የሚኖሩ ጥቃቅን እንስሳት አጥንት ነው ማለት ይቻላል። ቲቤት ባሕር የላትም። ምርጡ ቀይ ኮራል የሚወጣው ከሜዲትራኒያን፣ በተለይ ከጣሊያን ዳርቻዎች ነበር። በ13ኛው ክፍለ ዘመን የተጓዘው ማርኮ ፖሎ ቲቤቶች ኮራልን እንዴት እንደሚወዱ፣ በሴቶቻቸውና በጣዖቶቻቸው አንገት ላይ እንደሚያጠልቁት ጽፏል። በ18ኛው ክፍለ ዘመን ደግሞ ከጣሊያኗ ሊቮርኖ የሚነሱ አይሁድ ነጋዴዎች ኮራል ወደ ሕንዷ ጎዋ እየላኩ በልዋጩ አልማዝ ያስመጡ ነበር። ወደ ሕንድ የገባው ኮራል እጅ በእጅ እየተቀባበለ፣ በበቅሎና በያክ ጀርባ ተራራውን ይወጣል።

ቢጫው አምበር ነው፤ ከሚሊዮን ዓመታት በፊት የደረቀ የዛፍ ሙጫ። ከዚህም ከፊሉ የመጣው ከሰሜን አውሮፓ፣ ከባልቲክ ባሕር ዳርቻ ነው።

አንድ የቲቤት እረኛ አንገት ላይ የሜዲትራኒያን ኮራል፣ የፋርስ ቱርኩዊዝ፣ የባልቲክ አምበር ተሰክቶ ታገኛላችሁ። እኛ «ግሎባላይዜሽን» የሚለውን ቃል ከመማራችን ስንት መቶ ዓመት በፊት! በ1680ዎቹ ሆቭሃንስ የሚባል አርመናዊ ነጋዴ ከፋርስ ተነስቶ፣ ሕንድን አቋርጦ፣ ላሳ ድረስ ሄዶ ወደ አምስት ዓመት ገደማ ተቀምጦ ነግዷል። የሂሳብ መዝገቡ እስከ ዛሬ ፖርቱጋል፣ ሊዝበን ውስጥ ተቀምጧል።

ከሦስቱ ውጪ ደግሞ «ዚ» አለ። አጌት ከሚባል ድንጋይ የተሠራ፣ ቡናማና ነጭ መስመር ያለበት ረዘም ያለ ዶቃ። ላዩ ላይ «ዓይን» የሚባሉ ክቦች አሉት፤ ዘጠኝ ዓይን ያለው ከሁሉ ይከበራል። ቲቤቶች ሰው አልሠራውም፣ ከሰማይ የወረደ ነው ይላሉ። ባለሙያዎች ደግሞ መስመሩ በኬሚካልና በእሳት የተሠራ የጥንት ሰው ጥበብ ነው ይላሉ። ያም ሆነ ይህ ቡዳ ይከላከላል ተብሎ ይታመናል። ይሄ ለእኛ እንግዳ አይደለም።

ራስ ላይ የተቀመጠ ባንክ

ላዳክ ውስጥ «ፔራክ» የሚባል የሴቶች የራስ ጌጥ አለ። ከግንባር ጀምሮ ጀርባ ድረስ የሚወርድ ሰፊ ቅጥልጥል ነው። በላዩ ላይ ቱርኩዊዝ በረድፍ በረድፍ ይሰፋበታል፤ ከጆሮ በኩል ደግሞ ጥቁር የበግ ለምድ እንደ ክንፍ ይዘረጋል። በቀድሞው ሥርዓት የረድፉ ብዛት ማዕረግ ነበር። ዘጠኝ ረድፍ የንግሥት ነው፣ ሰባት የመኳንንት፤ ሌላው ሰው እንደ አቅሙ ከዚያ በታች። ስለዚህ መንገድ ላይ የምትሄድ ሴት የቤተሰቧን የባንክ ሂሳብ ራሷ ላይ ተሸክማ ትሄዳለች ማለት ነው። ሲከፋ አንድ ድንጋይ ይነቀላል፣ ይሸጣል። ሲሞላ ይጨመራል። እናት ስትደክም ለበኩር ሴት ልጇ ታወርሳለች።

ላሳ ውስጥ ደግሞ ወንዶቹም አልቀሩም። የድሮው የቲቤት መንግሥት ባለሥልጣን ግራ ጆሮው ላይ ቱርኩዊዝ ያለበት ረጅም ጉትቻ ያንጠለጥላል። ጆሮውን ያየ ማዕረጉን ያውቃል። የመኳንንት ሴቶች በዕንቁ የተንቆጠቆጠ፣ ሌሎቹ በኮራልና በቱርኩዊዝ የተሠራ «ፓትሩክ» የሚባል የራስ ጌጥ ያደርጋሉ።

«ጋው» የሚባለውን ስታዩ ደግሞ ትስቃላችሁ፤ የእኛው ክታብ ነው። ከብር ወይም ከወርቅ የተሠራ ትንሽ ሳጥን፣ ውስጡ የተጠቀለለ ጸሎት ወይም ከቅዱስ ሰው የተገኘ ነገር ይቀመጥበታል። መንገደኛ አንገቱ ላይ ያስረዋል። የእኛ ክታብ በቆዳ ይሰፋል ወይም በብር ማህደር ይገባል፤ የእነሱ በቱርኩዊዝ ይከበባል።

ዩኒቨርሲቲ ስለ ገንዘብ ስንማር «የሀብት ማከማቻ» የሚል ቃል ነበር። መምህራችን ሲያስረዱን ባንክ፣ ቦንድ፣ መሬት ይሉ ነበር። ግን ባንክ የሌለበት፣ ዘላን ሆኖ በየወቅቱ ድንኳኑን የሚነቅል ሰው ሀብቱን የት ያስቀምጣል? መሬቱ አብሮት አይጓዝም። ከብቱ በአንድ ክፉ ክረምት ያልቃል። የማይሞት፣ የማይበላሽ፣ በአንድ እጅ የሚያዝ ሀብት ያስፈልገዋል። ይሄ ነው ጌጡ። ከዚያም በላይ በሴቷ አካል ላይ ስለሚኖር፣ ባል ቢሞት ወይም ትዳር ቢፈርስ የምትተማመንበት ነገር ይኖራታል። የእኛ እናቶች «ወርቄን አትንኩብኝ» ሲሉ ሞኝነት ነው የሚመስላቸው ሰዎች አሉ። ሞኝነት አይደለም፤ ኢንሹራንስ ነው።

የሚሠሩት እጆች

የሂማላያን ምርጥ ጌጥ ከሠሩት መካከል ግንባር ቀደሞቹ የካትማንዱ ሸለቆ ነዋሪዎች የሆኑት ኔዋሮች ናቸው። በተለይ ፓታን የምትባለው ከተማ የአንጥረኞች ከተማ ናት። ሻክያ የሚባሉት ቤተሰቦች ሙያውን ከአባት ወደ ልጅ ሲያስተላልፉ ኖረዋል። ብዙዎች ሂማላያን ተሻግረው ላሳ ውስጥ ወርክሾፕና ሱቅ ከፍተው ነበር።

ከእነሱ ወገን የሆነው አርኒኮ ታሪኩ ፊልም ነው። በ1245 ተወለደ። ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ እያለ 80 ያህል ባለሙያዎችን እየመራ ወደ ቲቤት ሄደ፤ ከዚያ የሞንጎሉ ንጉሥ ኩብላይ ካን ቤተ መንግሥት ድረስ ዘለቀ። ቤጂንግ ውስጥ በ1279 የተጠናቀቀው ነጩ ፓጎዳ የእሱ ሥራ ነው። ዛሬም ቆሟል።

የወርቅ ልባጡ እንዴት እንደሚሠራ ታውቃላችሁ? ወርቁ በባዜቃ ውስጥ ይሟሟና እንደ ሊጥ ይሆናል። ሊጡ መዳቡ ላይ ይቀባል። ከዚያ እሳት ይነፋበታል። ባዜቃው ተኖ ይሄዳል፣ ወርቁ መዳቡ ላይ ተጣብቆ ይቀራል። የሚያምረው ጨርሶ ነው። ችግሩ፣ ያ የሚተነው ባዜቃ መርዝ ነው፤ የሚገባውም አንጥረኛው ሳንባ ውስጥ ነው። እንግዲህ ይህም ሚዛን ላይ አይወጣም። ግራም የሰው ሳንባ አይቆጥርም።

ሐውልት ሲያወጡ ደግሞ መጀመሪያ በሰም ይቀርጻሉ፣ በጭቃ ይሸፍናሉ፣ ሰሙን በእሳት ያፈሱና በቦታው የቀለጠ ብረት ይጨምራሉ። የእኛ አገር አንጥረኞች የመስቀል ሥራቸውን በዚሁ ዘዴ ሲሠሩ ኖረዋል። ሁለቱ ሕዝቦች ሳይተዋወቁ ሰም ላይ ተገናኝተዋል።

ብር ማለት ብር ነው

አማርኛ ውስጥ «ብር» ብረቱም ነው፣ ገንዘቡም ነው። ይሄ የእኛ ብቻ ይመስለኝ ነበር። ቲቤትኛ ውስጥም «ንጉል» የሚለው ቃል ብረቱንም ገንዘቡንም ይጠራል። የሕንድና የኔፓል «ሩፒ»ም መነሻው በሳንስክሪት ብርን የሚያመለክት ቃል ነው። ምክንያቱም ሦስታችንም ጋ ገንዘብ ማለት የሚመዘን ብር ነበር። ሲያስፈልግ ሳንቲሙ ቀልጦ ጌጥ ይሆናል፤ ሲያስፈልግ ጌጡ ቀልጦ ሳንቲም ይሆናል። የእኛ አንጥረኞች የማሪያ ቴሬዛን ጠገራ ብር እያቀለጡ መስቀልና አምባር ይሠሩ እንደነበር አስታውሱ።

ቲቤት ግን ለረጅም ጊዜ የራሷ ሳንቲም አልነበራትም። ብር ወደ ካትማንዱ ትልካለች፤ የማላ ነገሥታት ሳንቲም አድርገው ይመልሱላታል። በመሃል ትርፍ አለ። ትርፍ ሲጣፍጥ ደግሞ ስስት ይመጣል። የመጨረሻዎቹ ነገሥታት ብሩ ውስጥ መዳብ መቀላቀል ጀመሩ። ቲቤት በተበረዘ ሳንቲም ተጥለቀለቀች።

በ1768 እና በ1769 የጎርካው ንጉሥ ፕሪትቪ ናራያን ሻህ የካትማንዱን ሸለቆ ያዘ። አዲሱ መንግሥት ንጹህ ሳንቲም እናውጣ፣ አሮጌው ደግሞ በዋጋው ልክ ዝቅ ይበል አለ። ቲቤቶች አሻፈረኝ አሉ። ሀብታቸው ሁሉ በአሮጌው ሳንቲም ነው፤ ዋጋው ሲወርድ የሚከስሩት እነሱ ናቸው። ይሄ ክርክር ከሌሎች የንግድ ጥሎች ጋር ተደምሮ በ1788 ጦርነት አስነሳ። በ1791 እንደገና ተዋጉ፤ የጎርካ ጦር ሺጋጼ ከተማ ያለውን ታሺልሁንፖ ገዳም ዘረፈ። በ1792 የቻይና ጦር ገብቶ ካትማንዱ አቅራቢያ ድረስ ሲገፋቸው ጎርካዎቹ እርቅ ጠየቁ፤ የዘረፉትንም እንዲመልሱ ተገደዱ።

ልብ በሉ። ዛሬ ጌጤን መልሱልኝ የምትለው ኔፓል፣ ከ230 ዓመት በፊት እሷም የሌላውን ገዳም ዘርፋ አስመልሰዋታል። ይህን የምጽፈው ጥያቄዋን ላሳንስ አይደለም። የተዘረፈ ይመለሳል የሚለው ሐሳብ ትናንት በትዊተር የመጣ ፋሽን እንዳልሆነ ለማሳየት ነው።

ሁሉም ሰው አንድ ቀን ሲሸጥ

ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። መጋቢት 1959 ላይ ላሳ ውስጥ አመጽ ተነሳ፤ ዳላይ ላማ ወደ ሕንድ ሸሹ። ወደ 80 ሺህ የሚሆኑ ቲቤታውያን ተከተሏቸው። ተራራውን በእግር የሚያቋርጥ ሰው ቤቱን ይዞ አይሄድም። የያዘው አንገቱ ላይ ያለውን፣ ልብሱ ውስጥ የሰፋውን ነው። ካትማንዱ፣ ዳርጂሊንግ፣ ካሊምፖንግ ሲደርሱ ልጅ ይራባል፣ ይታመማል። ያ ለትውልድ የተጠራቀመው ባንክ ተከፈተ። ጌጡ ገበያ ወጣ።

የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ እንኳ የሚመልሰው ጥያቄ ነው፤ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች አንድ ዓይነት ዕቃ በአንድ ጊዜ፣ በአንድ ገበያ፣ ተቸግረው ሲሸጡ ዋጋው ምን ይሆናል? ይወድቃል። ገዢው ደግሞ አይቸኩልም። የእናቴ ሐብል ሺህ ጊዜ ተባዝቶ አስቡት። ድንጋዩ ይፈለቀቃል፣ ብሩ ይመዘናል።

በዚያው ሰሞን ኔፓል በሯን ለውጭ ሰው ከፍታ ነበር፤ ከ1951 በኋላ ነው። በ1960ዎቹና በ70ዎቹ ጸጉራቸውን ያስረዘሙ የምዕራብ ወጣቶች ካትማንዱን ሞሏት። ከእነሱ ኋላ ደላሎችና ሰብሳቢዎች መጡ። ከስደተኛ የተገዛው በሕጋዊ መንገድ የተሸጠ ሊሆን ይችላል፤ ርካሽ ነበር እንጂ ስርቆት አልነበረም። ግን ገበያው አንዴ ከሞቀ የሚሸጥ ሲያልቅ የሚሰረቅ ይፈለጋል። በየአደባባዩ፣ በየቤተ መቅደሱ ለዘመናት ያለ ጠባቂ የቆሙ ቅዱሳን ምስሎች ከቦታቸው ተነቅለው ጠፉ።

የታለጁ የአንገት ጌጥ አሜሪካዊ እጅ የገባው በዚያው በ1970ዎቹ ነው። የቺካጎ ባለጸጋ ባልና ሚስት ሰብሳቢዎች ገዙት፣ በኋላ ወደ ሙዚየሙ አለፈ። ችግሩ፣ ኔፓል ጥንታዊ ቅርሶች ያለ ፈቃድ ከአገር እንዳይወጡ የሚከለክል ሕግ ያወጣችው በ1956 ነው። ዩኔስኮም ሕገ ወጥ የቅርስ ዝውውርን የሚከለክለውን ስምምነት ያጸደቀው በ1970 ነው። ኔፓል ጌጡ እንዲመለስላት በይፋ ጠይቃለች።

«እኛ ጋ ይሻለዋል» የሚለው ክርክር

ሙዚየሞች የሚያነሷቸው ክርክሮች አሉ፤ ሁሉም ከንቱ አይደሉም። እኛ ጋ ይጠበቃል፣ እሳትና መሬት መንቀጥቀጥ አይነካውም፣ የዓለም ሕዝብ ያየዋል ይላሉ። የ2015ቱ የኔፓል መሬት መንቀጥቀጥ የካትማንዱን ቤተ መቅደሶች እንዴት እንዳደረጋቸው የምናስታውስ ይህን ዝም ብለን አንጥለውም። ደግሞ ሰነድ አምጡ ይላሉ። ፍርድ ቤት ቢሆንም ሰነድ መጠየቁ አይቀርም።

ግን «የዓለም ሕዝብ ያየዋል» የሚለው ነገር የታለጁን ጌጥ አይገልጸውም። ጌጡ እንዲታይ አልተሠራም። ፕራታፕ ማላ ለሰው ዓይን አልሰጠውም፤ ለአምላኩ ነው የሰጠው። ዓመቱን ሙሉ በተዘጋ ቤተ መቅደስ ውስጥ መሆኑ ጉድለት አልነበረም፣ ትርጉሙ ነበር። ታቦት መንበሩን ትቶ መስታወት ሳጥን ውስጥ ቢቀመጥ ምን ይሰማናል? መልሱን ስለምናውቀው ነው የኔፓሏ ሴት እንባ የገባን።

እኛም በዚህ ጉዳይ አዲስ አይደለንም። በ1868 ከመቅደላ ከተወሰደው ውስጥ የእቴጌ ጥሩወርቅ ቀሚስና ጌጣጌጥ አለበት፤ ለንደን፣ ቪክቶሪያ ኤንድ አልበርት ሙዚየም ውስጥ ከወርቅ ዘውዱ ጋር ነው ያለው። በ2018 ሙዚየሙ በረጅም ጊዜ ውሰት ልንሰጣችሁ እንችላለን አለ። የራስን ዕቃ መዋስ!

በሌላ በኩል ደግሞ ነገሩ ተስፋ የለውም ማለት አይቻልም። በ1984 ከፓታን የተሰረቀው የላክሽሚ ናራያን የድንጋይ ምስል ከአሜሪካዋ ዳላስ በ2021 ተመልሶ፣ የሙዚየም መደርደሪያ ላይ ሳይሆን የድሮ መቅደሱ ውስጥ ገባ። ሰው ዛሬ አበባ ያቀርብለታል። ያው የቺካጎ ሙዚየምም በ2025 አንድ የ12ኛው ክፍለ ዘመን የቡድሃ ሐውልት ለኔፓል መልሷል።

ፎቶው ነው ያስመለሰው

እነዚህን የተመለሱ ቅርሶች ምን እንዳስመለሳቸው ሳይ ነው ለእኛ የሚሆን ነገር ያገኘሁት። ጠበቃ ብቻ አይደለም። ፎቶ ነው።

ላይን ሲንግ ባንግዴል የተባሉ ኔፓላዊ ሠዓሊና የሥነ ጥበብ ታሪክ ጸሐፊ በየመንደሩ እየዞሩ ቅርሶቹ በቦታቸው ሳሉ የተነሱ ፎቶዎችን ሰበሰቡ፤ በ1989 «የተሰረቁ የኔፓል ምስሎች» በሚል ርዕስ መጽሐፍ አሳተሙ። ያ መጽሐፍ ዛሬ የክስ ማስረጃ ነው። አሁን ደግሞ «ሎስት አርትስ ኦፍ ኔፓል» የሚባል፣ ማንነቱን የማይገልጽ ሰው የሚያንቀሳቅሰው የፌስቡክ ገጽ አለ። የጨረታ ቤቶችንና የሙዚየሞችን ዌብሳይት ከድሮ ፎቶዎች ጋር እያስተያየ «ይሄ የእኛ ነው» ይላል። ብዙ ጊዜም እውነቱን ነው። ሥራው በአብዛኛው የሚሠራው እኛ ቲክቶክ በምናሸብልልበት ዓይነት ስክሪን ላይ ነው።

በነገራችን ላይ ስልካችሁ ላይ «የቲቤት ብር» የሚል ጉትቻ በርካሽ ሲመጣላችሁ አትሸወዱ። በዚህ ስም የሚሸጠው አብዛኛው ብረት ብር የሌለበት ወይም ጥቂት ያለበት ቅይጥ ነው፤ አንዳንዱ ኒኬል ስላለበት ቆዳ ያሳክካል። «ቱርኩዊዝ» የሚባለውም ብዙ ጊዜ ሃውላይት የሚባል ነጭ ድንጋይ ሰማያዊ ቀለም ተነክሮ ነው። ካማራችሁ ግዙት፣ ምንም አይደል። ግን የጌጥ ዋጋ ክፈሉ እንጂ የታሪክ ዋጋ አትክፈሉ።

ከዚያ በኋላ ግን አንድ ነገር አድርጉ። አያታችሁ ጋ ሂዱ። ሙዳዩን ያስከፍቱ። ጠልሰሙን፣ የአንገት መስቀሉን፣ አምባሩን፣ የብር ጉትቻውን አንድ በአንድ ፎቶ አንሱ፤ ፊቱንም ጀርባውንም። ማን ሠራው፣ ከየት መጣ፣ መቼ ይደረግ ነበር ብላችሁ ጠይቁና ድምጻቸውን ቅዱ። የደብራችሁን ቅርስ ደግሞ ቄሰ ገበዙን አስፈቅዳችሁ። አንድ ቀን ሊሸጥ ይችላል፣ ሊሰረቅ ይችላል፣ ሊጠፋ ይችላል። ቢያንስ ነበረ ለማለት የሚበቃ ነገር በእጃችሁ ይቅር።

ይህን የምለው ከጸጸት ነው። የእናቴን ሐብል አንድም ጊዜ ፎቶ አላነሳሁትም። እናቴ ግን ያንን ቀይ ድንጋይ አልጣለችውም፤ በመሃረብ ቋጥራ እስከ ዛሬ አስቀምጣዋለች። ባለፈው ሳምንት አስፈታኋትና መስኮቱ ጋ ብርሃን ላይ አድርጌ አነሳሁት። ድንጋዩ ምን እንደሆነ ጠየቅኳት።

«እኔ ምን አውቄ፤ እናቴ ናት የምታውቀው» አለችኝ።

አያቴ ካረፈች ስድስት ዓመቷ ነው።